ቀለል ያለ ጌምን በአፕ መደብሮች ማሳደግ፦ ከአይከኑ እስከ ማግስቱ

ካዥዋል የሚባሉት ቀለል ያሉ ጌሞች ከሌሎች አፖች የሚለዩበት አንድ ጠባይ አላቸው፤ ይኸውም ስማቸውን ጠርቶ የሚፈልጋቸው ሰው ጥቂት መሆኑ ነው። ገንዘብ ማስተላለፍ የፈለገ ሰው የባንኩን አፕ በስሙ ይፈልጋል፤ ብሎክ እየደረደረ አሥር ደቂቃ ማሳለፍ የፈለገ ሰው ግን የእርስዎን ጌም ስም አያውቅም፣ የማወቅ ግዴታም የለበትም። ወይ «ብሎክ» ብሎ ይጽፋል፣ ወይ ምንም ሳይጽፍ የጌሞቹን ገጽ በጣቱ ወደ ላይ እየገፋ ዓይኑ ያረፈበትን ይነካል። ካልወደደው በደቂቃዎች ውስጥ አጥፍቶ ከሥሩ የተደረደረውን ሌላ ተመሳሳይ ጌም ያወርዳል።

ይህ ጠባይ የሥራውን ቅደም ተከተል ይለውጠዋል። ስለ አፕ መደብር ታይነት የሚጻፉት ምክሮች አብዛኞቹ በቁልፍ ቃል ጀምረው በቁልፍ ቃል ይጨርሳሉ። በእኔ እምነት ለካዥዋል ጌም ቃል በር ይከፍታል እንጂ እንግዳውን አያስቀምጥም፤ የሚያስቀምጡት አይከኑ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ስክሪንሾቶችና የጨዋታው የመጀመሪያ ደቂቃ ናቸው። መደብሮቹም አንድን ጌም ከፍና ዝቅ የሚያደርጉት ሰዎች ባዩት ጊዜ ምን እንዳደረጉ እየመዘኑ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች የቀረበው አካሄድ ከታች ወደ ላይ ይሄዳል፤ መጀመሪያ ጌሙን፣ ቀጥሎ ገጹን፣ ከዚያ ቃላቱን፣ በመጨረሻም ሰው ማምጣቱን ይመለከታል።

መደብሩ የሚመዝነው

የአፕ ስቶር ባለቤት አፕል የፍለጋ ውጤትን በምን እንደሚደረድር በጥቅሉ በይፋ ገልጿል። አንደኛው መለኪያ ሰውየው የጻፈው ቃል ከጌሙ ስም፣ ከቁልፍ ቃላቱና ከዋናው ምድብ ጋር ያለው ተዛምዶ ነው፤ ሁለተኛው የተጠቃሚዎች አድራጎት ሲሆን የወረደበትን ብዛት፣ የተሰጠውን ኮከብና የአስተያየቶቹን ጥራት ይጨምራል። የአንድሮይድ ስልኮች መደብር የሆነው ጎግል ፕሌይ ደግሞ ሙሉ መግለጫውንም ያነባል፣ ጌሙ በስልኮች ላይ ሲሠራ ምን ያህል እንደሚበላሽም ይከታተላል። ዝርዝር ቀመሩን ሁለቱም አይገልጡም፤ ስለዚህ «አልጎሪዝሙን ፈታሁት» የሚል ሻጭ ሲያጋጥምዎ ገንዘብዎን በኪስዎ ቢያቆዩ ይሻላል።

የአፕል የማስታወቂያ ክፍል ከማውረዶች ወደ 65 በመቶ የሚጠጉት ከፍለጋ በኋላ ወዲያው የሚፈጸሙ መሆናቸውን ለአስተዋዋቂዎች ሲናገር ቆይቷል። ቁጥሩ ግን የባንኩንም፣ የመልእክት መላኪያውንም፣ የጌሙንም ፍለጋ በአንድነት የያዘ ነው፤ በስም የሚፈለገውንም ከዚያው ውስጥ ደምሮታል። የካዥዋል ጌም ገንቢ ከፍለጋው እኩል ትኩረት ሊሰጣቸው የሚገባው በደረጃ ሰንጠረዦች፣ በአዘጋጆች ምርጫና በሌላ ጌም ገጽ ግርጌ «ይህንንም ሊወዱት ይችላሉ» ተብለው ለሚቀርቡት ዝርዝሮች ነው። እነዚህ ዝርዝሮች ላይ ቃል አይረዳም፤ የሚታየው ምስሉና ኮከቡ ብቻ ነው።

ከገጹ በፊት ጌሙ

ሰው ወደ ገጹ ከመጋበዝዎ በፊት የገባው ሰው የሚቆይ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ያለዚያ ድካሙ በቀዳዳ ማድጋ ውሃ መቅዳት ይሆናል። በአንድሮይድ በኩል ይህ በቁጥር የተቀመጠ ነው። ተጠቃሚው የሚያየው የክራሽ፣ ማለትም ጌሙ በድንገት የሚዘጋበት መጠን በቀን ከሚጫወቱት 1.09 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ፣ ጌሙ ደርቆ መልስ አልሰጥ የሚልበት መጠን ደግሞ 0.47 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከደረሰ፣ ጎግል ፕሌይ የጌሙን ታይነት ሊቀንስ ይችላል። በአንድ የስልክ ሞዴል ላይ ብቻ 8 በመቶ ከደረሰም በዚያ ሞዴል ባለቤቶች ዘንድ ታይነቱ ሊቀንስ፣ አልፎም በገጹ ላይ ማስጠንቀቂያ ሊወጣበት ይችላል። ስለዚህ የካዥዋል ጌም ገንቢ ጌሙን መሞከር ያለበት በጠረጴዛው ላይ ባለው ውድ ስልክ ብቻ መሆን የለበትም፤ ሜሞሪው ባነሰ፣ ማከማቻው በሞላና ባትሪው በደከመ ስልክ ላይ መሞከሩ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

መጠኑም እንዲሁ ነው። ጎግል በ2017 ባወጣው ጽሑፍ የአፑ ፋይል በ6 ሜጋባይት በጨመረ ቁጥር ገጹን አይተው ከሚያወርዱት ሰዎች ድርሻ 1 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቶ ነበር። ስልኮችና ኔትወርኮች ከዚያ ወዲህ ተሻሽለዋል፤ ነገር ግን ብሎክ የሚደረደርበት ጌም 180 ሜጋባይት የሚሆንበት በቂ ምክንያት ዛሬም የለም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ባልታመቁ ሙዚቃዎች፣ ከስልኩ ስክሪን በላይ ትልቅ በሆኑ ምስሎችና ከአንድ በላይ በተጨመሩ የማስታወቂያ ላይብረሪዎች (ማስታወቂያ የሚያሳዩ ዝግጁ ኮዶች) ውስጥ ነው።

የመጀመሪያውን ደቂቃ በተመለከተ ፍርዴ ጥብቅ ነው። ሰውየው ጌሙን ከፍቶ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ጣቱ አንድ ነገር ማንቀሳቀስ አለበት። አካውንት ክፈት የሚል ገጽ፣ አራት መስኮት የሚፈጅ ማብራሪያ፣ ማሳወቂያ ልላክልህ የሚል ጥያቄ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድም ዙር ሳይጫወት የሚወጣ ሙሉ ስክሪን ማስታወቂያ ከዚህ ሰዓት ይውጡ። ማስታወቂያው የሚያስገባው ሳንቲም በመጀመሪያው ቀን አንዱን ተጫዋች ካስኮበለለ፣ በሚቀጥሉት ሳምንታት ሊያያቸው የነበሩትን ማስታወቂያዎች ሁሉ ይዞ ሄዷል ማለት ነው። ማግስቱን ተመልሰው የሚመጡት ሰዎች ድርሻ ሊከታተሉት የሚገባ የመጀመሪያው ቁጥር ነው፤ እርሱ ሳይስተካከል ስለ ቁልፍ ቃል መጨነቅ አያስፈልግም።

ዓይን የሚይዘው

አይከን የሚፈተነው በዲዛይነሩ ትልቅ ስክሪን ላይ በግዙፍ መጠን ሲታይ ሳይሆን በፍለጋ ዝርዝር ውስጥ ከተፎካካሪዎቹ መካከል ሲቆም ነው። ፈተናውን እንዲህ ያድርጉት። የእንጨት ብሎክ የሚደረደርበት ጌም ሠርተዋል እንበል። ተጫዋቹ ይጽፈዋል የሚሉትን ቃል በስልክ ላይ ይፈልጉና የውጤቱን ገጽ ስክሪንሾት ያንሱ፤ ከዚያ ከተደረደሩት አይከኖች አንዱን ሸፍነው የራስዎን በቦታው በዚያው መጠን ያስገቡ፤ ምስሉን በስልክ ከፍተው ጌሙን ለማያውቅ ሰው ክንድ ያህል አርቀው ለአንድ አፍታ ያሳዩትና የትኛው እንደታየው ይጠይቁት። ዝርዝሩን ሲመለከቱ ምናልባት ስምንቱም ቡናማ እንጨት በሰማያዊ ጀርባ ላይ ሆነው ያገኟቸዋል፤ እርስዎም ቡናማ እንጨት በሰማያዊ ጀርባ ላይ ካስቀመጡ ጠፉ። ጀርባውን ወደ ደማቅ ቢጫ መቀየር፣ ከአሥር ትንንሽ ብሎኮች ይልቅ ባዶ ቦታው ውስጥ ሊገባ አንድ ጣት የቀረውን ትልቅ ብሎክ ማሳየት ብዙውን ጊዜ ለውጥ ያመጣል። ይሁን እንጂ ልዩ ለመሆን ተብሎ የጌሙ ዓይነት እስኪጠፋ ድረስ መራቅም አያዋጣም፤ ብሎክ ፈላጊው ብሎክ ማየት አለበት።

አይከኑ ላይ ጽሑፍ አያስፍሩ፤ በዚያ መጠን አይነበብም። ለጎግል ፕሌይ 512 በ512 ፒክስል የሆነ ካሬ ምስል ይሰጣል፣ ማዕዘኑን ራሱ ጎግል ስለሚያጎብጠው እርስዎ አያጎብጡት፤ ለአፕል 1024 በ1024 ፒክስል ነው። ጎግል ከ2021 ወዲህ በአይከንና በስም ላይ «ምርጥ»፣ «ቁጥር 1»፣ «ነፃ» እና የመሳሰሉትን ማባበያዎች ከልክሏል።

ስክሪንሾትን በተመለከተ አፕል እስከ አሥር፣ ጎግል ለእያንዳንዱ የመሣሪያ ዓይነት እስከ ስምንት ይፈቅዳሉ። የሚያስፈልግዎ ግን መጀመሪያዎቹ ናቸው። በአፕ ስቶር የፍለጋ ውጤት ላይ የቁም ስክሪንሾት ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጎን ለጎን ይታያሉ፤ የአግድም ከሆነ አንዱ ብቻ ይታያል። ብዙዎቹ ሰዎች ገጹን ሳይከፍቱ ከዚያው የሚወስኑ በመሆኑ፣ የመጀመሪያውን ቦታ ለጌሙ አርማ ወይም ለመክፈቻ ሥዕል መስጠት ብክነት ነው። በምትኩ ጨዋታው ሊሳካ አንድ እንቅስቃሴ የቀረበትን ቅጽበት ያሳዩ፦ መስመሩ ሞልቶ አንድ ካሬ ብቻ ጎድሎ፣ ያ ካሬ ደግሞ በጣት ተይዞ በአየር ላይ። የሚያየው ሰው በሐሳቡ ብሎኩን ቦታው ላይ ያስቀምጠዋል፤ ይኼኔ መጫወት ጀምሯል። ከላዩ የሚጻፈው ቃል ከሦስት ወይም ከአራት ባይበልጥና ያለ መነጽር ቢነበብ መልካም ነው።

ቪዲዮ ካለ በአፕ ስቶር ከ15 እስከ 30 ሴኮንድ የሚሆን፣ ከጌሙ ውስጥ የተቀረጸ መሆን አለበት፤ ድምፁ ተዘግቶ በራሱ ስለሚጀምር ያለ ድምፅ መረዳት የሚቻል ይሁን። በጎግል ፕሌይ የዩትዩብ አድራሻ ይሰጣል፤ ሽፋኑም 1024 በ500 ፒክስል የሆነው ማሳያ ምስል ነው።

ጌሙ ውስጥ የሌለ ነገር ማሳየት ግን የሚያስከፍለው ብዙ ነው። በ2020 የብሪታንያ የማስታወቂያ ደረጃ ተቆጣጣሪ የፕሌይሪክስን ሆምስኬፕስና ጋርደንስኬፕስ ጌሞች የሚያስተዋውቁ ሁለት ማስታወቂያዎች፣ የሚያሳዩት ጨዋታ በጌሞቹ ውስጥ ካለው ጋር ስለማይመሳሰል አሳሳች ናቸው ብሎ እንዳይደገሙ አግዷል። ትልቅ ኩባንያ እንዲህ ያለውን ይሸከመዋል፤ አንድ ሰው ወይም ሦስት ሰው የሠራው ጌም ግን «ያየሁት ሌላ፣ ያወረድኩት ሌላ» በሚሉ የአንድ ኮከብ አስተያየቶች ተቀብሮ ይቀራል።

ስምና ቁልፍ ቃል

ሁለቱ መደብሮች ቃል የሚቀበሉበት መንገድ የተለያየ ነው። አፕል ለስም 30፣ ከስሙ ሥር ለሚውለው ንዑስ ርዕስ 30፣ ለሕዝብ ለማይታየው የቁልፍ ቃል መስክ ደግሞ 100 ፊደል ይሰጣል፤ ረጅሙን መግለጫ በፍለጋ ድርደራው ላይ ከሚመዘኑት ነገሮች መካከል አልጠቀሰውም። ጎግል የቁልፍ ቃል መስክ የለውም፤ ስም 30፣ አጭር መግለጫ 80፣ ሙሉ መግለጫ 4,000 ፊደል ሆኖ ሁሉም ይነበባል። ስለዚህ ለአፕል የተጻፈውን መግለጫ ለጎግል መገልበጥ፣ ወይም የተገላቢጦሹ፣ ሥራውን ግማሽ አድርጎ መተው ነው።

በስሙ ውስጥ የጌሙ መጠሪያና የጨዋታው ዓይነት አብረው ይግቡ። የእንጨት ብሎኩን ጌም «ብሎኮ» ብለውት ከሆነ፣ «ብሎኮ» ብቻ ብሎ መተው ማንም የማይፈልገውን ቃል በጣም ውድ በሆነው ቦታ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ «ብሎኮ፦ የእንጨት እንቆቅልሽ» ቢሆን ግን መለያውም ይኖራል፣ ፈላጊውም ያገኘዋል። የቃላት ክምር ማድረግ፣ ለምሳሌ «ብሎክ እንጨት ፐዝል ካሬ ጌም» ማለት፣ ከመመሪያ ጋር ከማጋጨቱም በላይ ሰው ለጓደኛው የሚጠራው ስም ያሳጣል።

በአፕል የቁልፍ ቃል መስክ ላይ ጀማሪ ገንቢ ብዙ ጊዜ የሚያስገባው እንዲህ ያለ ነው፦ «እንጨት, ብሎክ, ብሎኮች, እንቆቅልሽ ጌም, ነፃ ጌም, አእምሮ»። እዚህ ውስጥ «እንጨት» እና «እንቆቅልሽ» በስሙ ስላሉ መደገማቸው ቦታ ከመፍጀት በቀር አይጨምርም፤ መደብሩ ከስም፣ ከንዑስ ርዕስና ከመስኩ ቃል እያነሳ ራሱ ያጣምራል። «ብሎክ» ካለ ብዙ ቁጥሩ «ብሎኮች» አያስፈልግም፤ «ጌም» የምድቡ ስም ስለሆነ ትርፍ ነው፤ «ነፃ» የሚለውም እንዲሁ። ከእያንዳንዱ ነጠላ ሰረዝ በኋላ ያለው ባዶ ቦታ ራሱ ከመቶው ላይ ይቆጠራል። ተስተካክሎ ሲጻፍ «ብሎክ,አእምሮ,መደርደር,ቅርጽ,ካሬ,ማዛመድ,ዘና,ያለኢንተርኔት» ይሆናል፤ ገና ብዙ ቦታ ይተርፋል፣ እያንዳንዱም ቃል ከሌላው ጋር ተጣምሮ አዲስ ፍለጋ ይይዛል።

ቃሉን ከየት ማግኘት ይቻላል? ከሁሉ የሚሻለው ምንጭ የተፎካካሪ ጌሞች የአስተያየት ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ። ገንቢ «የሎጂክ ፐዝል» ሲል ተጫዋቹ «ጭንቅላቴን የሚያሳርፈኝ»፣ «ስተኛ የምጫወተው»፣ «ያለ ኔት የሚሠራ» እያለ ይጽፋል፤ የሚፈልገውም በዚያው አነጋገሩ ነው። በመፈለጊያው ሣጥን ሁለት ሦስት ፊደል ሲጽፉ መደብሩ ራሱ የሚጠቁማቸው ቃላት ሁለተኛው ምንጭ ናቸው። ጌሙ ከወጣ በኋላ ደግሞ የጎግል ፕሌይ ኮንሶል፣ ማለትም የገንቢው መቆጣጠሪያ ገጽ፣ ሰዎች በየትኛው ቃል እንዳገኙዎት ያሳያል፤ በአፕል በኩል ይህንኑ ለማወቅ በፍለጋ ማስታወቂያው ላይ አነስተኛ ወጪ መድቦ የትኛው ቃል ማውረድ እንዳመጣ ማየት ይቻላል።

«ፐዝል» በሚለው ሰፊ ቃል ላይ አዲስ ጌም ከፍ ብሎ ይታያል ብለው አይጠብቁ፤ እዚያ የቆሙት በመቶ ሚሊዮን ጊዜ የወረዱ ጌሞች ናቸው። ፈላጊው ጥቂት የሆነ ግን የሚፈልገውን የሚያውቅ ሐረግ ይምረጡ፤ በእርሱ ላይ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ውስጥ መግባት በሰፊው ቃል ላይ ሁለት መቶኛ ከመሆን ይበልጣል። በዚያ ያገኙት ማውረድና ኮከብ ሲጠራቀም ወደ ሰፋው ቃል ይሸጋገራሉ። በአፕል ሁለት የጌም ንዑስ ምድብ መምረጥ፣ በጎግል ከአንዱ ምድብ ሌላ እስከ አምስት መለያ ማከል ስለሚቻል፣ እነዚህንም በዚሁ ስሌት መሙላት ይገባል።

የሌላ ጌም ስም መዋስ የተከለከለ ነው፤ አያዛልቅምም። በጥር 2022 ዎርድል የተባለው የድረ ገጽ ጨዋታ ዓለምን ሲያዳርስ በዚያው ስም ወደ አፕ ስቶር የጎረፉትን ቅጂዎች አፕል በቀናት ውስጥ አስወግዷቸዋል። በዚያው ሰሞን ከዓመታት በፊት በአጋጣሚ በዚያ ስም ወጥቶ የነበረ፣ ከጨዋታው ጋር ምንም የማይገናኝ አሮጌ ጌም ድንገት ብዙ ሰው ማውረዱ የስምን ጉልበት ያሳያል፤ እንዲህ ያለው ዕድል ግን ታቅዶ አይመጣም።

ሙከራው

ከላይ የተባለው ሁሉ ግምት ነው፤ የሚያረጋግጠው ሙከራ ነው። ጎግል ፕሌይ አሁን ካለው ገጽ ጋር እስከ ሦስት አማራጭ ምስል ወይም ጽሑፍ ለተለያዩ ጎብኚዎች እያሳየ የሚያወዳድርበት መሣሪያ አለው። አፕልም ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ከዋናው ገጽ ጋር እስከ ሦስት አማራጭ፣ እስከ 90 ቀን ድረስ ማወዳደር ፈቅዷል፤ ነገር ግን አማራጭ አይከን መሞከር ከፈለጉ አይከኖቹ አስቀድመው በጌሙ እትም ውስጥ መካተት ስላለባቸው ይህን በዕቅድ ይያዙት።

በአይከን ይጀምሩ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፣ ውጤቱ በሦስተኛው ቀን ደስ ቢያሰኝም እንኳ ቢያንስ ሙሉ ሳምንት ይጠብቁ፤ የሥራ ቀን ተጫዋችና የዕረፍት ቀን ተጫዋች አንድ አይደሉም። ጎብኚው ጥቂት ለሆነ ገጽ ጥቃቅን ልዩነት መሞከር ጊዜ መጨረስ ነው። የጀርባውን ቢጫ በጥቂቱ ማደብዘዝ በቀን ሠላሳ ሰው በሚያየው ገጽ ላይ መቼም አይለይም፤ በብሎክ ፋንታ ፊት ያለው ገጸ ባሕርይ ማስቀመጥ ግን ሊለይ ይችላል።

ኮከብና አስተያየት

አፕል የአስተያየት መጠየቂያ መስኮቱን ለአንድ ተጠቃሚ በ365 ቀን ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ አያሳይም። ስለዚህ እያንዳንዱ ጥያቄ ዋጋ አለው። የሚጠየቅበት ሰዓት ተጫዋቹ ሲያቅተው የነበረውን ደረጃ ሲያልፍ፣ ወይም የራሱን ከፍተኛ ነጥብ ሲሰብር ነው፤ ከሽንፈት በኋላ፣ ከማስታወቂያ በኋላ ወይም በመጀመሪያው ቀን አይጠየቅም። ለኮከብ ሳንቲም ወይም ተጨማሪ ሕይወት መስጠት በሁለቱም መደብሮች የተከለከለ ነው። ብዙዎች የሚጠቀሙበት «ጌሙን ወደዱት?» ብሎ አስቀድሞ ጠይቆ «አዎ» ያለውን ብቻ ወደ መደብሩ የመላክ ዘዴም ከጎግል መመሪያ ጋር በቀጥታ ይጋጫል።

ጎግል ለቅርብ ጊዜ ኮከቦች ከፍ ያለ ክብደት የሚሰጥና ኮከቡን በየአገሩ ለይቶ የሚያሳይ በመሆኑ፣ ባለፈው ዓመት የተበላሸ እትም ያመጣው ውርደት በተስተካከለ እትም ሊካስ ይችላል። አፕል አዲስ እትም ሲወጣ ጠቅላላውን ኮከብ ከዜሮ የማስጀመር ምርጫ ይሰጣል፤ መልካሙም አብሮ ስለሚጠፋ ጌሙ ከሥር መሠረቱ ካልተለወጠ አልመክርም። ለመጥፎ አስተያየት የሚሰጥ መልስ አጭር፣ ትሑትና ችግሩ በየትኛው እትም እንደተፈታ የሚናገር ይሁን፤ መልስ የደረሰው ሰው ኮከቡን መለወጥ ይችላል፣ የሚለውጡም አሉ።

ከትንሽ ገበያ ወደ ትልቅ

በታኅሣሥ 2009 የወጣው አንግሪ በርድስ የተባለ ጌም በትልልቆቹ አገሮች ሰሚ አላገኘም ነበር። አስቀድሞ ከፍ ያለው ጥቂት ማውረድ የሰንጠረዥ አናት ላይ በሚያደርስባቸው እንደ ፊንላንድና ስዊድን ባሉ አነስተኛ ገበያዎች ነው፤ ከዚያ በየካቲት 2010 አፕል በብሪታንያ አፕ ስቶር የፊት ገጽ ላይ ሲያወጣው በዚያ አንደኛ ሆነ፣ ቀሪው የታወቀ ነው። መንገዱ ዛሬም ይሠራል። ጌሙን በአንድ ቀን ለሁሉም አገር ከመልቀቅ ይልቅ በሁለት ሦስት አነስተኛ አገሮች መጀመር፣ ክራሹን፣ የማግስቱን ተመላሽና የገጹን ምስሎች እዚያ ማስተካከል፣ ከዚያ መስፋፋት ስሕተቱን ርካሽ ያደርገዋል።

ወደ ሌላ ቋንቋ ሲሄዱ ቁልፍ ቃልን አያስተርጉሙ፤ የአገሩ ተጫዋች ጨዋታውን ምን ብሎ እንደሚጠራው ይጠይቁ። ሦስት ተመሳሳይ ነገር የሚገጣጠምበትን ጌም ጀርመኖች የሚፈልጉት «ድራይ ጌቪንት» ብለው ነው፣ ይህም ቃል በቃል «ሦስት ያሸንፋል» ማለት ነው፤ እንግሊዝኛውን የሚተረጉም ሰው ወይም ማሽን እዚያ አይደርስም። ካዥዋል ጌም በውስጡ ያለው ጽሑፍ ጥቂት ስለሆነ ገጹንና ስክሪንሾቱን ብቻ በአሥር ቋንቋ ማዘጋጀት ብዙ ወጪ የማይጠይቅ፣ ከሌላው ሥራ ሁሉ ይልቅ ቶሎ የሚከፍል ሥራ ነው።

እትም፣ ዝግጅት፣ የአዘጋጆች ምርጫ

ሰብዌይ ሰርፈርስ የተባለው ጌም በ2012 ወጥቶ ከ2013 ጀምሮ በየጥቂት ሳምንቱ ወደ አዲስ ከተማ የሚሄድ እትም እያወጣ ዓመታትን አስቆጥሯል። ጨዋታው ያው ነው፤ የሚለወጠው ጀርባው፣ ልብሱና አይከኑ ነው፤ ይህም ለመደብሩ አዘጋጆችም ለተጫዋቹም ሁልጊዜ አዲስ ወሬ ይሰጣል። ትንሽ ገንቢ ይህን ያህል ባይችልም ወቅታዊ ውድድር ማዘጋጀት ይችላል። በአፕ ስቶር እንዲህ ያለው ዝግጅት እስከ 31 ቀን ሊቆይ፣ ከመጀመሩ 14 ቀን አስቀድሞ ሊተዋወቅና የራሱን ካርድ ይዞ በፍለጋ ውስጥ ሊወጣ ይችላል፤ ጌሙን ካጠፉት ሰዎች መካከልም የሚመለስ አይጠፋም።

በአፕል አዘጋጆች ለመመረጥ በገንቢዎች ኮንሶል ውስጥ ማመልከቻ ይቀርባል፤ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት፣ ከተቻለ ደግሞ ከሦስት ወር በፊት ማቅረብ ይመከራል። ማመልከቻው ላይ «ጥሩ ጌም ነው» ማለት አይረባም፤ ለምን አሁን የሚለውን ይመልሱ፦ አዲስ እትም፣ አዲስ የስልክ ብቃት የሚጠቀም፣ ማየት ለሚቸገሩ ሰዎች የተመቸ። የውሸት ማውረድ መግዛትን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ጌሙን፣ አንዳንዴም አካውንቱን ያሳጣል።

ለኮምፒውተር ስቲም በተባለው የጌም መደብር የሚያወጡ ከሆነ መርሁ ይኸው ሆኖ ስሞቹ ይለወጣሉ። የአይከኑን ሥራ ካፕሱል የሚባለው ትንሽ ምስል፣ የቁልፍ ቃሉን ሥራ ታግ የሚባለው መለያ ቃል ይሠራሉ፤ የጌሙ አጠቃላይ ፍርድ የሚታየው አሥር የገዢ አስተያየት ሲሞላ ስለሆነ እስከዚያ ድረስ ጌሙን በዊሽሊስት፣ ማለትም በምኞት ዝርዝራቸው የያዙት ሰዎች ይፈለጋሉ።

ቁጥሩን ማንበብ

ሁለቱም ኮንሶሎች ገጽዎ ላይ ስንት ሰው እንደደረሰና ስንቱ እንዳወረደው ያሳያሉ፤ አፕል በዝርዝሮች ላይ ስንት ጊዜ እንደታየም ይጨምራል። ጠቅላላውን ድምር አይመልከቱ፤ በአገርና በምንጭ ለይተው ያንብቡት። በፍለጋ የሚታየው ጥቂት ሆኖ ያዩት ግን የሚያወርዱ ከሆነ ጉድለቱ ቃሉ ላይ ነው። ብዙ ታይቶ የሚያወርደው ከጠፋ አይከኑና ስክሪንሾቱ ላይ ይመለሱ። ወርዶ በማግስቱ የማይከፈት ከሆነ መደብሩን ትተው ወደ ጌሙ ይመለሱ። አዘጋጆች የፊት ገጽ ላይ ባወጡዎት ሳምንት የሚታየው ሰው በእጅጉ ጨምሮ የሚያወርደው ድርሻ ቢወርድ አይደንግጡ፤ ብሎክ ያልፈለገ ሰው ሁሉ አይቶታል ማለት ነው፣ በዚያ ሳምንት ቁጥር ተመርተውም ገጹን አይለውጡ።

የቃል ለውጥ ውጤቱን ለመግለጥ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይስጡት። ምን እንደለወጡ፣ በየትኛው ቀንና በየትኛው አገር እንደለወጡት፣ በዚያው ሰሞን ማስታወቂያ ወይም አዲስ እትም እንደነበረ በአንድ ሰንጠረዥ ይመዝግቡ፤ ሦስት ወር ቆይቶ በግራፉ ላይ አንድ ዝላይ ሲያዩ ከአይከኑ ይሁን ከበዓሉ ሰሞን የሚለይልዎ እርሱ ብቻ ነው።